ሴኔቱ «አጸደቀው» ሲባል

የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት ላይ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቆማለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኤፍ ያመጣችበትን ኮርስ ከታች ካለው ባች ጋር ልትደግመው «አድ» ለማድረግ፣ ማለትም ለመመዝገብ፣ ነው የመጣችው። ሠራተኛዋ ኪቦርዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካካችና «እንዲህ የሚባል ኮርስ የለም» አለቻት። እውነቷን ነው። ኮርሱ ሴኔት ባጸደቀው አዲስ ካሪኩለም ለሁለት ተከፍሎ ሌላ ስምና ሌላ ኮድ ወጥቶለታል። አንደኛው ግማሽ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ሌላኛው አራተኛ ዓመት ላይ ይሰጣል። ታዲያ ልጅቷ የትኛውን ትድገም?

እኔ የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ይዤ ከኋላዋ ተሰልፌ ነበር። ካሪኩለሙን ካዘጋጁት የኮሚቴ አባላት አንዱ መሆኔን ትንፍሽ አላልኩም። ለሴኔት ያቀረብነው ሰነድ ከመቶ ገጽ በላይ ነበር። እንደ እሷ ስላለ ተማሪ የሚያወራ አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም።

ስለ እንዲህ ያለው ስብሰባ የሚወጣው ዜና ሁሌም አንድ ነው፤ «ሴኔቱ ባካሄደው መደበኛ ስብሰባ የሥርዓተ ትምህርት ለውጦችን መርምሮ አጸደቀ፤ በልዩ ልዩ የግቢው ጉዳዮች ላይም ተወያየ።» ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውኃ ላስቲኮች፣ አንገታቸውን ወደ ወረቀት የደፉ ዲኖች። ተማሪውም ወላጁም ከዚህ ዜና የሚይዘው ነገር የለም። ውሳኔው ግን የተማሪውን የምረቃ ወር ሊገፋው፣ የመምህሩን ሳምንት ሊያጣብበው ይችላል። ስለዚህ «መረመረ»፣ «አጸደቀ» የሚሉትን ቃላት ከፈት አድርገን እንያቸው።

መጀመሪያ ሴኔት ማነው? በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካዳሚክ ጉዳይ የሚመራው በሴኔት ነው። ሰብሳቢው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣ ዲኖች፣ ሬጅስትራሩ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ተወካዮች ይቀመጡበታል። የትምህርት ፕሮግራም መክፈትና መዝጋት፣ የዓመቱን የትምህርት ካላንደር መወሰን፣ ዲግሪ መስጠት፣ የመምህራንን የማዕረግ ዕድገት ማየት፣ የግቢውን የአካዳሚክ ሕግ ማውጣት የእሱ ሥራ ነው። ይህን የመጨረሻውን መምህራን በአጭሩ «ሌጂስሌሽን» ይሉታል። የውጤት አሰጣጥ፣ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ዲስሚሳል (ከትምህርት መሰናበት)፣ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት)፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ከሴኔት በላይ ቦርድ አለ፤ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴርና የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አሉ። ገንዘብን የሚመለከት ነገር ወደ ሴኔት አይመጣም፤ ቢመጣም «ለሚመለከተው አካል ይቅረብ» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የካሪኩለም ለውጥ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ የሚጀምረው ከታች ነው። ዲፓርትመንቱ የፍላጎት ጥናት ያካሂዳል፤ ማለትም ቀጣሪዎችን፣ ተመራቂዎችንና ተማሪዎችን ይጠይቃል። ከመምህራኑ ሦስት አራት ሰው ይመረጥና ረቂቅ ይጽፋል። ረቂቁ በዲፓርትመንት ካውንስል ይታያል፤ ከዚያ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና ከቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ሰዎች ተጋብዘው ዎርክሾፕ ይደረግበታል። አስተያየቱ ተካቶ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከኮሚሽኑ ወደ ሴኔቱ ቋሚ ኮሚቴ፣ በመጨረሻ ወደ ሴኔቱ ይወጣል። በየደረጃው ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ይፈረማል።

ዎርክሾፑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነውና። ገምጋሚው ሰነዱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከዋዜማው ነው። መቶ ገጽ በአንድ ሌሊት የሚያነብ የለም፤ ስለዚህ ዓይን ውስጥ በሚገባው ላይ ይናገራል። «ገጽ 14 ላይ ፎንቱ ይለያል።» «ዓላማው ላይ የተጠቀማችሁት ግስ የሚለካ አይደለም።» «የዩኒቨርሲቲው ሎጎ አሮጌው ነው።» ይህ ሁሉ ይመዘገባል፣ ይስተካከላል፣ «የባለድርሻ አካላት አስተያየት ተካቷል» ይባላል። ስለ ሰዓቱ ሒሳብ ግን ማንም አይጠይቅም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በአገራችን ካሪኩለሞች ውስጥ የአንድ ኮርስ ክብደት ብዙውን ጊዜ በሁለት መለኪያ ተጽፎ ይታያል፤ በክሬዲት ሰዓትና በኢሲቲኤስ። ክሬዲት ሰዓት የሚቆጥረው መምህሩ ክፍል የሚቆምበትን ጊዜ ነው። ሦስት ክሬዲት የሆነ ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው፤ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 48 ሰዓት ይሆናል። ኢሲቲኤስ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ መለኪያ ነው፤ የሚቆጥረው ተማሪው የሚለፋበትን ጊዜ በሙሉ ነው፤ ክፍል መቀመጡን፣ ላይብረሪ ማንበቡን፣ አሳይመንት መሥራቱን፣ ለፈተና መዘጋጀቱን። እኛ አገር አንድ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ተደርጎ ይያዛል። ሦስት ክሬዲት ያለው ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ኢሲቲኤስ ነው፤ 135 ሰዓት ማለት ነው። 48ቱ ክፍል ውስጥ ካለቀ 87ቱ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ነው።

አሁን ሴሚስተሩን በሙሉ እንየው። የአንድ ሴሚስተር መደበኛ ሸክም 30 ኢሲቲኤስ ነው፤ 810 ሰዓት። ለ16 ሳምንት ሲካፈል ተማሪው በሳምንት 50 ሰዓት ከምናምን ይደርሰዋል። ይህ ሙሉ ሥራ ነው። እንግዲህ አንድ ዲፓርትመንት «ዘመኑ የመረጃ ትንተና ነው» ብሎ አንድ አምስት ኢሲቲኤስ ኮርስ ልጨምር ቢል፣ በሳምንት ከስምንት ሰዓት በላይ እየጨመረ ነው። ቀኑ አይለጠጥም፤ ስለዚህ አንድ ነገር መውጣት አለበት።

ችግሩም እዚህ ነው፤ ማስገባት ቀላል፣ ማውጣት ከባድ። እያንዳንዱ ኮርስ ዓመታት ያስተማረው፣ ኖቱን ያዘጋጀበት፣ አንዳንዴም ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራበት ባለቤት አለው። ኮርስ ይውጣ ማለት የሰው እንጀራ የመንካት ያህል ነው የሚቆጠረው። በስብሰባ «የእገሌ ኮርስ ይውጣ» የሚል ደፋር አላየሁም። በዚያ ፈንታ የሚደረገው ማሸጋሸግ ነው፤ ሁለቱን «ማዋሐድ»፣ አንዱን «መክፈል»፣ የአንዱን ስም ማሳመር። የልጅቷም ኮርስ ለሁለት የተከፈለው እንዲሁ ነበር። በሰነዱ ላይ ምክንያቱ «ይዘቱ ጥልቀት እንዲኖረው» ይላል። በእውነቱ ግን ሁለት መምህራን ነበሩ፣ አንድ ኮርስ።

የመምህሩም ጎን የራሱ ሒሳብ አለው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሌጂስሌሽን የአንድ መምህር ሙሉ ሎድ (የማስተማር ሸክም) በሳምንት 12 የሌክቸር ሰዓት ነው። አዲሱ ኮርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ባቹ ሦስት ሴክሽን ካለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ከየት ይመጣል? ጥሩ የሴኔት አባል የሚታወቀው በዚህች ጥያቄ ነው፤ «ማን ያስተምረዋል?» መልሱ «እንቀጥራለን» ከሆነ ቅጥሩ በጀት ይፈልጋል፤ በጀት ደግሞ ሴኔቱ ጠረጴዛ ላይ የለም። «ላብ ይገዛል» ከተባለም ያው ነው። ጸድቆ ሦስት ዓመት ሙሉ ላብ ሳይኖረው በነጭ ሰሌዳ ላይ የተማርነው የላብ ኮርስ ብዙ ነው፤ ያነበበው ሁሉ የራሱን ያስታውስ።

እስካሁን ያወራሁት ለውጡ ከታች እንደሚነሣ አድርጌ ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ግን ትልልቆቹ ለውጦች የመጡት ከላይ ነው። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰናዶን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሲያወርደው፣ አራት ዓመት የነበረው የአብዛኛው ዲግሪ ወደ ሦስት ዓመት ተቆረጠ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ሰባ ሠላሳ መጣ፤ ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ከዚያ ሞጁላር፤ ተቀራራቢ ኮርሶች በሞጁል ተጠቅልለው በብሎክ፣ ማለትም አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተከተለ፣ ይሰጡ ተባለ፤ አገር አቀፍ ወጥ ካሪኩለምም ተከተለ። በ2012 የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ፣ ዲግሪውም ወደ አራት ዓመት። የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ እያለ ሁሉንም ይቀማምስ ጀመር። የታሪክ ሞጁሉ ላይ የተነሣውን ክርክር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2015 የመውጫ ፈተናና በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የሬሜዲያል ፕሮግራም መጡ።

መካከሉ ላይ ሚኒስቴሩም ራሱ ተቀያይሯል። በ2011 ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የሚባል ተቋቋመ፤ በ2014 ከፍተኛ ትምህርቱ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። ሰነድ ስትልክ ማኅተሙ የሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል።

እንዲህ ያለው ለውጥ ሲወርድ ሴኔቱ የሚያጸድቀው «እንሥራው ወይስ አንሥራው» የሚለውን አይደለም፤ «እንዴት እናስገባው» የሚለውን ነው። ብዙ ሰው ይህን አይለይም። ተማሪው «ሴኔቱ ለምን አንድ ዓመት ጨመረብን» ብሎ ይበሳጫል፤ ዓመቱን የጨመረው ሴኔቱ አልነበረም። አገር አቀፍ ወጥ ካሪኩለም መኖሩ ለዲፓርትመንቱ ጠባብ ቦታ ነው የሚተውለት፤ አንዳንድ መምህር ይህን እንደ እጅ መታሰር ያየዋል። እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። በ2012 ግቢዎች ሲታመሱ፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ፣ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተዛወሩ ተማሪዎች ነበሩ። ለእነሱ የኮርሱ ስምና ክሬዲት በሁለቱም ግቢ አንድ መሆኑ ሕይወት ነበር። ባይሆን ኖሮ ሁሉም እንደዚያች ልጅ መስኮት ላይ ነበር የሚቆመው። በሌላ በኩል ስምንት ዩኒቨርሲቲ የምርምር፣ ዐሥራ አምስቱ የአፕላይድ (የተግባር ሳይንስ)፣ ከቀሩት አብዛኞቹ አጠቃላይ ብሎ በተልዕኮ ለይቶ፣ ሁሉም ያንኑ ካሪኩለም ያስተምሩ ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት መጀመሪያ ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ከሄዱ የሴኔቶቹ ጠረጴዛ መስፋቱ አይቀርም።

የመውጫ ፈተናው ደግሞ የሴኔትን ውይይት ከሥሩ ቀይሮታል። ከዚያ በፊት ኮርስ ማጠፍም መክፈልም የግቢ ውስጥ ጉዳይ ነበር። አሁን ፈተናው የሚወጣው ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ሆኖ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪውን አይወስድም። ለየትምህርት መስኩ ብሉፕሪንት አለ፤ ከየትኞቹ ኮርሶች ምን ያህል ጥያቄ እንደሚመጣ የሚያሳይ። ዲፓርትመንቱ ብሉፕሪንቱ ላይ ያለውን ኮርስ ወደ መጨረሻው ሴሚስተር ቢገፋው፣ ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ ይፈተንበታል። በሁለተኛ ዓመት ብቻ ቢተወው ደግሞ በአራተኛ ዓመት ረስቶታል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ አንድ ዲን እጁን አውጥቶ «ይህ ለውጥ ከብሉፕሪንቱ ጋር ተናብቧል ወይ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስጋቱም አለው፤ ብሉፕሪንት ላይ የሌለ ኮርስ ሁሉ እንደ ትርፍ መታየት ጀምሯል። ከክፍሉ ተማሪ ግማሹ የሚቀረው በእነዚያ ኮርሶች ቀን ነው።

ወደ «ልዩ ልዩ የግቢ ጉዳዮች» ልምጣ። ልዩ ልዩ ሁሌም የመጨረሻ አጀንዳ ነው። ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚደረስበት፤ ግማሹ ሰው የመኪና ቁልፉን ጨብጧል። የተማሪዎች ተወካይ የሚናገረውም በዚያ ሰዓት ነው። የሚያነሣቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ዶርም ውኃ የለም፣ ላይብረሪ በጊዜ ይዘጋል፣ ካፌ ምግቡ። ምላሹም የታወቀ ነው፤ «ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው።» በሕጉ ልክ ናቸው። የተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት በጣት በሚቆጠር ብር ሲገፋ ኖሮ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ነው፤ ይህን የትኛውም ሴኔት አልወሰነውም፣ ሊወስነውም አይችልም ነበር።

ይሁን እንጂ ካፌውና ካሪኩለሙ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እሱም ካላንደሩ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ወደ ቤት ሲሸኙ የተቋረጠው ሴሚስተር ብቻ አልነበረም። ተማሪ ሲመለስ ሌላ ባች ደጅ ላይ ነበር፤ ዶርሙ ግን ያው ነው። ስለዚህ ሴሚስተር ማሳጠር ተለመደ። አሁን ያንን 810 ሰዓት አስታውሱት። ሴሚስተሩ ከ16 ሳምንት ወደ 12 ቢወርድ፣ ተማሪው በሳምንት 50 ሰዓት የነበረው 67 ሰዓት ተኩል ይሆንበታል። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ። ይህንን ማንም አያደርገውም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ መምህሩ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች «ለራሳችሁ አንብቡት» ይላል፣ ተማሪው አያነበውም፣ ካሪኩለሙ ግን በወረቀት ላይ ሙሉ ነው። ውኃ ስለሌለ ሳምንት ዘግይቶ የተከፈተ ዶርም፣ አንድ ሳምንት ከካሪኩለሙ ላይ የተቆረጠ ነው። በዚህ ዓይን ካየነው የተማሪዎቹ ተወካይ በዐሥራ አንድ ሰዓት የሚናገረው የአካዳሚክ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ስለ መሸጋገሪያው። አዲስ ካሪኩለም ሲጸድቅ ግቢው ውስጥ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ሁለት ካሪኩለም ጎን ለጎን ይኖራል፤ አሮጌው ከነባር ባቾች ጋር እየወጣ፣ አዲሱ ከፍሬሾቹ ጋር እየገባ። ወጥ ባለ መንገድ ለሚሄድ ተማሪ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ከባቹ ለወጣ ነው፤ ኤፍ ያለበት፣ ታሞ ዊዝድሮ (የማቋረጫ ቅጽ) የሞላ፣ ወልዳ የቆየች፣ ዲስሚስ ሆኖ በሪአድሚሽን የተመለሰ። እነዚህ የሚገቡት ወደ አዲሱ ነው፤ ትራንስክሪፕታቸው ግን በአሮጌው የተጻፈ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ተራ ሰንጠረዥ ነው፤ በግራ አሮጌው ኮርስ፣ በቀኝ አቻው። አቻ ከሌለው ምን ይደረጋል፣ ክሬዲቱ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ምን ይደረጋል፣ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ይሠራል። ሁለት ገጽ አይሞላም። የማይጻፍበትም ምክንያት ቀላል ነው፤ ካሪኩለም የሚጽፉ ሰዎች የሚያስቡት ስለሚመጣው ተማሪ ነው፣ ያለው ተማሪ ደግሞ በስብሰባው ላይ ስም የለውም።

አንድ ተማሪ ወይም ወላጅ «ሴኔቱ አጸደቀ» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ በእኔ እምነት ቀድሞ መጠየቅ ያለበት አዲሶቹ ኮርሶች ምን እንደሆኑ አይደለም። ከየትኛው ባች ጀምሮ እንደሚሠራ፣ የአቻ ኮርሶች ሰንጠረዥ ሬጅስትራር መድረስ አለመድረሱን ይጠይቅ። ሲጠይቅም በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂውም ይኑረው። የሴኔት ቃለ ጉባኤ እስኪፈረምና በደብዳቤ እስኪወርድ ድረስ ሬጅስትራር ሲስተሙ ውስጥ አያስገባም፤ በቃል የተነገረ መፍትሔ መስኮት ላይ አይሠራም።

የልጅቷ ጉዳይ ወደ ዲፓርትመንት ተመለሰ፣ ካውንስሉ አየው፣ ኮሚሽኑ አየው። ሁለቱ ግማሾች ተደምረው የአሮጌው አቻ ይሁኑ ተባለ። አንደኛውን ዘንድሮውኑ ከታች ካሉት ጋር ወሰደች፤ ሁለተኛውን ግን እነሱ አራተኛ ዓመት እስኪገቡ መጠበቅ ነበረባት፤ ኤፉም እስከዚያ ድረስ ትራንስክሪፕቷ ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነበርኩ። ለአንድ ተማሪ ብለን የጻፍነውን ስንልክ ሬጅስትራሩ ደወለና እንደ እሷ ያሉ ሌሎች አስራ አንድ መኖራቸውን ነገረን።

አሁን ሌላ ክለሳ ጀምረናል። ኮሚቴው ገና በፎንት ላይ እየተከራከረ ነው። ሰንጠረዡ ግን ተሠርቷል፤ አባሪ ውስጥ ሳይሆን ገጽ 3 ላይ ነው።